ካልሆነም በሒሳብ ልውደቅ

ሰብለ ገዳሪፍ ውስጥ ማረፏን የሰማሁት ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጦርነቱ ገፋ ብሎ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር፣ አብራት ተሰዳ የነበረችው ራሔል ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው የአክስቷ ቤት ገባች። መርዶውን ያመጣችው እሷ ናት። በማግሥቱ ጥይት የበሳሳው የቆርቆሮ አጥር ሥር ምንጣፍ አንጥፈን፣ እዚህ የቀረነውና የተመለስነው ሐበሾች ለቅሶ ተቀመጥን።

እዚያ የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ጋሽ ተፈራ፣ ዱሮ የጀብራ ሰፈር ሐበሾች ሁሉ ሽማግሌ የነበሩት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እርጋታዋ፣ ትዕግሥቷ፣ የአንደበቷ ቁጥብነት» እያሉ ጀመሩ። አንዷ «ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር» አለች። ሌላዋ «ዝም እንዳለች ኖራ ዝም እንዳለች ሄደች» ብላ ዕንባዋን ጠረገች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ውሸት ነው። ሰብለ የምትባል ረጋ ያለች ሴት እኔ አላውቅም። እኔ የማውቃት ሰብለ ገና ፊቷን ሳትታጠብ የምትናደድ ሴት ናት። በውሃ መቋረጥ ትናደዳለች፣ በሬዲዮ ወሬ ትናደዳለች፣ ሰው ተበድሎ «ይሁና» ሲል ከሰማች ደግሞ ከበዳዩ ይልቅ በተበዳዩ ትናደዳለች። ወግ ያለው ቀብር እንኳ ሳታገኝ የሌላ ሴት ጠባይ አለበሷት። እኔ ዘሀራ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁትም እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት ነው። ሰብለን ግን አውቃታለሁ። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ጀብራ ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ፣ እዚህ አገር «ሆሽ» የሚሉት ዓይነት፣ ክፍል ክፍሉን ተከራይተን እንኖር ነበር። የእኔና የሰብለ ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ ጠዋት በአውቶቡስ አል-ጣኢፍ ሄጄ የመዳሜን ቤት ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ሰብለ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። አገሯ ሳለች ዕቃ አጣቢ አልነበረችም፤ አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ነበረች። በፖለቲካ አሰሯት፤ ስትፈታም መላወሻ ሲያሳጧት በመተማ በኩል ወደዚህ ተሻገረች።

በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማወራት። አንድ ቀን መነጽሯን አወለቀችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሰብለ መነጽሯን ካወለቀች ነገር አለ ማለት ነው።

«ዘሀራ፣ እርስዎ አትበይኝ» አለችኝ። «የገረፉኝ ሰዎች እርስዎ እያሉ ነው የገረፉኝ። ‹ወይዘሮ ሰብለ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ› ይሉኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት፤ «እትዬ» ማለቱን መተው ግን አፌ እምቢ አለኝ።

የገረፏት ውስጥ እግሯን ነው። ቁስሉ ሲሽር ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጠንክሮ ቀረ። የአውራ ጣቷ አጥንት ወደ ጎን ወጥቷል፣ ሁለት ጣቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተሳፍረዋል፣ የግራ እግሯ ከቀኙ ይሰፋል። በዚያ ላይ ስኳር አለባት። ክረምት ከበጋ የምታደርገው «ሲፊንጃ» የሚሉትን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር፤ እግሯ ሌላ ነገር አይቀበልም።

ስለ ንዴቷ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጫማው እመለሳለሁ። ፖሊስ መኪና አሰልፎ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ የሚለቅምበትን ቀን እኛ «ከሻ» እንለዋለን። አንድ የከሻ ቀን ከግቢያችን አንዲት ልጅ ተወሰደች። ጋሽ ተፈራ ነገሩ እስኪበርድ እንጠብቅ አሉ። ሰብለ ከሥራ እንደተመለሰች፣ የሳሙናው አረፋ ከክንዷ ሳይደርቅ፣ በሲፊንጃዋ ጣቢያ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አረብኛዋ ስብርባሪ ነው፤ ወንዱን በሴት አንቀጽ ነው የምትጠራው። ጢሙ የተንጠለጠለውን መኮንን በሴት አንቀጽ «ኢንቲ ሙዲር?» ብላ አለቃ መሆኑን ጠየቀችው። ፖሊሶቹ ሳቁ። እሷ መነጽሯን አወለቀች። ልጅቷ የመኖሪያ ወረቀት እንዳላት፣ ወረቀቱም ቤት እንዳለ፣ ሰው ልኮ ማስመጣት እንደሚቻል፣ ያንን ሳያደርጉ ሴት ልጅ መቆለፍ ነውር እንደሆነ፣ ሁሉንም በሴት አንቀጽ እየተናገረች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሳቁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቷን ይዘን ወጣን።

መኮንኑ ሲሸኘን «ማዓሌሽ» አለን፤ አይዟችሁ፣ ምንም አይደለም እንደማለት ነው። ሰብለ በዚህ አገር ከሁሉም የምትጠላው ያንን ቃል ነበር። መንገድ ላይ «ማዓሌሽ ማለት ረግጦሽ ያለፈ ሰው ዞሮ የሚወረውርልሽ ከረሜላ ነው» አለችኝ። «አትልቀሚው።»

ወደ ጫማው ልመለስ።

ሰብለ ዕቃ እያጠበች ሥራ መፈለግ አላቆመችም ነበር። የሒሳብ ሥራ ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ታመለክታለች። አንዳንዴ ይጠሯታል። ችግሩ ኢንተርቪው በሲፊንጃ አይኬድም። ጥቁር፣ ሽፍን፣ የክብር ጫማ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ጫማ ሲገዛ የሚያስበው ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነው። ሰብለ የምታስበው አድርጋው መቀመጥ መቻሏንና አለመቻሏን ነበር።

ለመጀመሪያው ኢንተርቪው ሱቅ አል-አረቢ ከሚባለው ገበያ ጫፉ የሾለ፣ ታኮው አጭር የሆነ ጥቁር ጫማ ገዛች። ሻጩ «እየተለበሰ ይሰፋል» አላት። እዚህ አገር የሴት ጫማ ሻጭ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚላችሁ፤ ጫማው ግን አይሰፋም፣ እየጠበበ የሚሄደው እግር ነው። ጠዋት ፀጉሯን አስይዣት፣ ቀሚሷን ተኩሼላት ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጫማውን በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ ነበር በሩን የገፋችው። ተረከዟ ተልጧል፣ አውራ ጣቷ ላይ ውሃ የቋጠረው ፈርጦ ደም ሆኗል።

«ምን ጠየቁሽ?» አልኳት እግሯን እያጠብኩ።

«አላስታውስም» አለችኝ። «ሰውዬው አፉን ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ፤ የምሰማው ግን እግሬን ነው። አንዱን ጥያቄ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። አሁንም እግሬን ሰማሁ።»

ያ ቁስል አልድን ብሎ ከረመ። ሐኪሙ ስኳር ያለበት እግር ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ከተደገመ እግሩን እስከ መቁረጥ ሊደርስ እንደሚችል ነገራት። እኔ ነገሩ በዚሁ ያበቃል ብዬ ነበር። እሷ ግን ቁስሉ እንደ ደረቀ ሌላ ማስታወቂያ ላይ አመለከተች።

ለሁለተኛው ኢንተርቪው የወንድ ጫማ ገዛች፤ ሰፊ፣ ከእግሯ የሚተልቅ። ፊቱን በጥጥ ጠቀጠቅነው። ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ሸፈነችው። ቢሮ ገብታ ስትቀመጥ ሕመሙ ጀመራት፤ ጠረጴዛው ረጅም ጨርቅ ስለነበረው ቀስ ብላ ጫማውን ከሥር አወለቀችው። እንደዚያ ሆና በደንብ መለሰች። ነገሩ ያማረ መስሏት ነበር። ከዚያ ሰውዬው ብዕር ሰጣትና «ሰሌዳው ላይ ሠርተሽ አሳዪን» አላት። ጥጥ የተጠቀጠቀ ጫማ ደግሞ ቶሎ አይገባም። ሲጠብቋት ጊዜ፣ ተነሥታ በባዶ እግሯ ሄደች።

«ሳቁብሽ?» አልኳት።

«አንዷ ሳቀች። ሌሎቹ አልሳቁም፤ እግሬን ነው ያዩት። ሠርቼ ስጨርስ ሰሌዳውን ያየ ሰው አልነበረም።» ከዚያ «የሳቀችው ትሻላለች» አለች።

ጋሽ ተፈራ ይህንን ሰምተው ሊያጽናኗት መጡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ብዙ መከሯት። ሰው ያለበትን መቀበል አለበት፣ እንጀራ እንጀራ ነው፣ ዕቃ ማጠብም ክብር አለው አሏት። በመጨረሻም «ልጄ፣ ያስቸገረሽ እግርሽ አይደለም፤ ጠባይሽ ነው» አሉ።

«ዕቃ ማጠብ ክብር እንዳለው እኔም አውቃለሁ ጋሽ ተፈራ» አለቻቸው። «ክብሩን ስለማውቅ አጥርቼ ነው የማጥበው። ግን የተማርኩት ሒሳብ ነው። ያንንም ለመሥራት ፈቃድ የምጠይቀው እርስዎን አይደለም።»

ሽማግሌው ተቀይመው ሄዱ። ያኔ እንደዚያ የተቀየሙት ሰውዬ ናቸው ዛሬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ትዕግሥቷ የሚመሰክሩት።

እኔም ልርዳት ብዬ መዳሜን ጠየቅኳት። የመዳሜ ጫማ ከብዛቱ የተነሣ ለብቻው ቁም ሣጥን አለው፤ አንዳንዱን አድርጋው አታውቅም። ጎረቤቴ ለሥራ ኢንተርቪው ሰፊ ጫማ ትፈልጋለች ብዬ ነገርኳት። ጥፍሯን እየቀባች ነበር።

«ሐበሻ ናት?» አለችኝ።

«አዎ፣ መዳም።»

«ታዲያ ለቤት ሥራ ምን ጫማ ያስፈልጋታል? እኛ ቤት ገብታችሁ ጫማችሁን በር ላይ አይደል የምታወልቁት?»

ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቧ ገርሟት ነው። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን አንዴ ረግሜው ይወጣልኛል። ይህች ሴት ግን ሐበሻ ሴት በሌላ በር፣ ለሌላ ሥራ ልትገባ እንደምትችል አንድም ቀን በሐሳቧ አልመጣባትም።

ለሰብለ አልነገርኳትም። ይልቅ አንድ ዓርብ ቀን ይዣት ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ሄድኩ። ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ መቆሚያ ኋላ ዓም ኢድሪስ የሚባሉ ጫማ ሰፊ አሉ፤ የመዳሜን ጫማ ሳሠራ ነው ያወቅኳቸው። በልክ ይሠራሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰብለ ግን በጫማ ሻጭ አምርራ ስለነበር እየተነጫነጨች ነው የተከተለችኝ።

ዓም ኢድሪስ እግሯን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው ውስጥ እግሯን አዩ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሏት።

«መንግሥት» አለች።

«የማን መንግሥት?»

«የእኔ።»

እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «የእኛም ይህንን ሥራ ያውቅበታል» አሉና የገዛ ጀላቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩዋት። ሰብለ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ቆዳ ብቻ ነው። እሷ ጠንካራ ይሁን ስትል እሳቸው ለስላሳ ይሁን ይላሉ፤ እሷ ታኮ ይኑረው ስትል እሳቸው ዝቅ ይበል ይላሉ። ስትከራከር የሰማ ሰው ጠብ ይመስለዋል። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ጫማው ሲደርስ ጥቁር፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ገበሩ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ያለው ሆኖ መጣ። ግራው ከቀኙ ይሰፋል፤ ካልተነገራችሁ ግን አታውቁትም። ሰብለ ያንን ጫማ አድርጋ ግቢውን ዞረች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ልብስ አሰጣች። በየመሐሉ ተቀምጣ ታወልቀውና እግሯን ታገላብጣለች። ቅላት እንኳ የለም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ሦስተኛው ኢንተርቪው አንድ የንግድ ኩባንያ ውስጥ ነበር። መዳሜ ለሠርግ ካይሮ ሄዳ ስለነበር እኔም አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጡኝ። እሷ እንደ ገባች መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ሲቆም ሙቀቱ ስላስቸገራቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ስለዚህ የምነግራችሁን በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አለ፣ አንድ ወጣት አለ፣ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጎናጸፊያ የለበሰች ጎልማሳ ሴትም አለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ትምህርት ነው» አለ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ወደ ኋላው ደገፍ አለ።

«እኔ ሐበሾችን እወዳለሁ» አላት። «ሴቶቻችሁ ንጹሖች ናቸው። ታማኞች ናቸው። ድምፃቸው አይሰማም።»

«የእኔ ይሰማል» አለች ሰብለ።

ፈገግ አለ። «የሒሳቡ ቦታ ለአገሬው ልጅ ነው የታሰበው። ግን ቡፌ ውስጥ ሰው ቸግሮናል። ሻይ፣ ቡና፣ እንግዳ ማስተናገድ። ቢሮ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ አትደክሚም።»

ሰብለ መነጽሯን አወለቀች።

«ማስታወቂያው ላይ ሻይ የሚል የለም» አለች። «ወረቀቴን አስቀድማችሁ አይታችኋል። ከየት እንደመጣሁም ታውቁ ነበር። ለምን ጠራችሁኝ?»

«ልናይሽ ብለን ነው።»

«አያችሁኝ። አሁን ጠይቁኝ።»

«ማዓሌሽ፣ እህቴ...»

«የመጣሁት ለሒሳብ ነው። የሒሳብ ጥያቄ ጠይቁኝ። ካልሆነም በሒሳብ ልውደቅ፤ በሻይ አልወድቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ዘበኛውን ጠራ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው «ያላ፣ እህቴ፣ እንውጣ» አሏት በቀስታ። ሰብለ አልዞረችም። «እግሬ ዛሬ አያመኝም፤ እስከ ማታ መቀመጥ እችላለሁ» አለች። ዘበኛው አለቃቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ውጭ የጠራቸው ሰው ያለ ይመስል ጥለው ወጡ። ወጣቱ ስልኩ ውስጥ ተደበቀ። ላብ ከሁሉም ፊት ይወርዳል።

በመጨረሻ ባለ ነጭ ቶቧ ሴትዮ ብዕሯን አነሣችና ጠየቀቻት። ምን እንደጠየቀቻት አልገባኝም፤ የሒሳብ ነገር ነው። ሰብለ መለሰች። ሁለተኛ ጠየቀቻት፤ እሱንም መለሰች። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ወጣ፤ በአጠገቤ ሲያልፍ ሽቶው ሸተተኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር።

«እሱን አላውቀውም» አለች ሰብለ። «የመጣው እኔ ዕቃ ሳጥብ ነው።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና «ሹክራን» ብላ አመሰገነቻት። ሰብለ መነጽሯን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ሳታነክስ ወጣች።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ረክሻ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ዞር ብዬ ሳያት ታለቅሳለች። በፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ጥርሷን ነክሳ፣ በንዴት ነው የምታለቅሰው።

«እግሬን ሰድቤዋለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የእግሬ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቤት ገብቼ በቡጢ መታሁት። በሁለተኛውም ቀን ረገምኩት። ገርፈው ያቆሰሉትን እግር እኔ ደግሜ ደበደብኩት፣ ዘሀራ። ዛሬ ምንም ሳያመኝ ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ነው የገባኝ። የፊተኞቹ ጠያቂዎችም በልባቸው ያሰቡልኝ ሻይ ነበር። የቱንም ጫማ ባደርግ ሻይ ነበር።»

ረክሻው ጉድጓድ እየዘለለ ጀብራ አደረሰን።

ሥራውን አልሰጧትም። ሌላም ቦታ አልሰጧትም። አንድ ቀን መጨረሻው አምሮ ሲቀጥሯት አየሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነም። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ ዕቃ አጠበች፣ እስኪመጣ ድረስም አመለከተች። ሲጠሯት ገና ከመቀመጧ «ለየትኛው ሥራ ነው የጠራችሁኝ?» ብላ ትጠይቃለች። ሻይ ከሆነ ጊዜ ሳታጠፋ ትነሣለች።

ለውጡ እኔ ላይ ነው የታየው። መዳሜ ከካይሮ ስትመለስ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ያንን ሶፋ ለዓመታት አጽድቼዋለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ፓስፖርቴ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እሷ ጋ ነበር፤ በጠየቅኳት ቁጥር «ኢንሻአላህ» ትለኛለች።

«ምን ሆንሽ ዘሀራ? አመመሽ?» አለችኝ በር ላይ ቆማ።

«አላመመኝም፣ መዳም። ተናድጃለሁ። ፓስፖርቴን ስጪኝ።»

አስፈራራችኝ፣ ባሏን ጠራች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ለመነችኝ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዱን ነገር ብቻ ደጋገምኩ። በመጨረሻ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሥራዬን አጣሁ፤ ፓስፖርቴን ግን ይዤ ወጣሁ።

ለሰብለ ስነግራት ዕንቁላል እየጠበሰች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እባክሽ ብለሻታል?» አለች።

«አንዴ ብያለሁ።»

«እሱ በዝቷል» አለችና ሳህኑን አቀረበችልኝ።

ጦርነቱ ሲጀመር ጀብራ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ እሳት ሆነ። ግቢያችን ተበታተነ። በተገኘው መኪና ገዳሪፍ ድረስ አብረን ሄድን፤ እኔ፣ ሰብለና ራሔል። እኔ በፓስፖርቴ ድንበሩን ተሻግሬ አገር ቤት ገባሁ። ሰብለ ግን መሻገር አትችልም ነበር፤ ያሰሯት ሰዎች ከወዲያ ማዶ ናቸው። ስንለያይ «ደርሰሽ ደውዪ» አለችኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ደወልኩላት። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር እየደወልኩ ስታማርር እሰማታለሁ፤ በመጠለያው፣ በወረፋው፣ በመድኃኒቱ። ስታማርር ልቤ ያርፍ ነበር። በመጨረሻ ስልኳ ጠፋ። እኔም አገር ቤት ሥራ አጥቼ ወደማውቀው ከተማ ተመለስኩ።

ከለቅሶው ቀናት በኋላ ራሔልን ለብቻዋ ላገኛት ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አብሬያት እየጨመቅኩ እንዴት እንደሞተች ጠየቅኳት።

የስኳር መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ነበር አለችኝ። ሰብለ እየደከመች፣ ምላሷ እየከበደ ሄደ። ጎረቤት ተሸክሞ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። ሐኪሙ ውስጥ ነው፣ ሰው በዝቷል፣ ጠብቁ ተባሉ። ጠበቁ። ዛሬ አይደርሳችሁም ነገ ኑ ተባሉ።

«እናንተስ ምን አላችሁ?» አልኳት።

«ምን እንላለን ዘሀራ? ሰው አገር ነን። ኢንሻአላህ ብለን ይዘናት ተመለስን። በማግሥቱም ሄድን። ያን ቀንም ጠበቅን።»

«ማንም አልተናገረም?»

«ማንን እንናገራለን? ሁሉም ታማሚ ነው። ዝም ብለን ተቀመጥን።»

ያጠበችውን ነጭ አንሶላ ይዤ ቆምኩ። ራሔል ክፉ አይደለችም። አድክሟታል፣ ርቧታል፣ ፈርታለች። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም።

«እዚያው ወረፋው ላይ ሳለን፣ መጨረሻዋ ሲቃረብ መናገር አቅቷት ነበር» አለችኝ ራሔል። «ክንዴን ያዘችኝ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የጥፍሯ ምልክት ለቀናት አልጠፋም። በሌላው እጇ ወደ ሐኪሙ በር ትጠቁማለች። ደጋግማ ትጠቁማለች። ጠምቷት መሰለኝ። ከበሩ አጠገብ የውሃ ገንቦ ነበር፤ ሄጄ ቀድቼ ሰጠኋት።»

«ጠጣች?»

«አልጠጣችም። በእጇ ገፋችው።»

ራሔል ሳሙና የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና አለቀሰች። አብሬያት ማልቀስ ነበረብኝ፤ ዕንባ ግን አልመጣልኝም። ሰብለ ውሃ አልነበረም የፈለገችው። አንድ የሚቆጣላት ሰው ነበር የፈለገችው።